ግማሽ ቤት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ወረቀት ይዞ መጣ። ከእርዳታ ሰጪዎቹ አንዱ ነው፤ ጫማውን ገና ጭቃ አልነካውም። እኔ ከሸራዬ ሥር ባልዲ ደፍቼ ተቀምጫለሁ። ቤሪል የተባለችው አውሎ ነፋስ ወንበሮቼን ጠራርጋ ስለወሰደችብኝ መቀመጫዬ እሱ ነው።

«እማማ፣ ቤትዎ ሙሉ በሙሉ ነው የፈረሰው ወይስ በከፊል?»

«ሙሉ ቤት መች ኖሮኝ ያውቃል የኔ ልጅ! ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ግማሽ ቤት ውስጥ ነው የኖርኩት።»

«እሱማ እሺ... እዚህ ላይ ግን ሙሉ ወይ ከፊል ነው የሚለው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከፊል በል አልኩት፤ ጽፎ ሄደ። ድሮ ቢሆን እሱ ሳይደርስ ሚስማሩን ከአፈር ለቅሜ፣ በድንጋይ አቅንቼ፣ ሳንቃውን በየቁመቱ ለይቼ እጠብቀው ነበር። በድሮዋ አውሎ ነፋስ በጃኔት ጊዜ ለቅሜያለሁ፤ በአይቫን ጊዜም ለቅሜያለሁ። አሁን ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ሚስማሩም እኔም ጎብጠናል፤ ማን ማንን ያቀናል?

የጃኔትን ነገር ግን ልንገራችሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዱም ግን በትክክል አልገባኝም ነበር።

ቤታችን ዊንድዋርድ በሚባል መንደር፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት ነበር። ሁለት ክፍል ተጋጥሞ አንድ የሆነ የሳንቃ ቤት። በእኛ ደሴት ቤት የሚሠራው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ አንዱን ክፍል ድንጋይ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ሲሞላልህ ሁለተኛውን ታስጠጋበታለህ። ከቦታው ልሂድ ያልክ ቀን ደግሞ አላቅቀህ፣ ሰው ጠርተህ፣ አሸክመህ ትሄዳለህ። የእኛ የኋላው መኝታ ቤት ነው፤ የፊቱ ሳሎን። የሳሎኑ ግንባር ወደ ባሕር ያያል። አባቴ የገና በዓል በመጣ ቁጥር ቢጫ ቀለም ይቀባዋል።

ቢጫው ለጌጥ አልነበረም። ከመንደራችን ፊት ለፊት ከባሕሩ ሥር የተዘረጋ ዓለት አለ፤ መርከብ የሚያልፍበት በር ጠባብ ነው። አባቴ ሩፐርት፣ ሉሲንዳ በምትባል ባለሁለት ምሰሶ መርከብ ላይ የካፒቴኑ ምክትል ነበር። አንድ ቀን ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ባሕር ዳር ቆምን።

«አየሽ ኤስሚ፣ ከባሕር ስመጣ የቤታችንን ቢጫ ግንባር ፈልጌ፣ ከዚያ ከኮረብታው ጎድጎዳ በታች ልክ መሀል ላይ አውለዋለሁ። እዚያ ከዋለልኝ በሩ ላይ ነኝ ማለት ነው። ወደ ግራ ካለፈ ዓለት፣ ወደ ቀኝ ካለፈም ዓለት።»

«ቤቱ ከሌለስ?»

«ቤቱማ የት አባቱ ይሄዳል!» ብሎ ሳቀ።

እንግዲህ በእኔ ጭንቅላት አባቴን ከባሕር የሚያመጣው ካፒቴኑ አልነበረም፤ ሳሎናችን ነበር። አባቴ በሄደ ቁጥር ጨርቅ በውሃ ነክሬ፣ እጄ እስከደረሰበት ድረስ ያን ቢጫ ሳንቃ እወለውል ነበር። እናቴ ጽዳት የምወድ ልጅ መስዬያት ለጎረቤት ታወራልኝ ነበር፤ ሳህን እጠቢ ስትለኝ የምጠፋውን ረስታ።

ጃኔት የመጣች ዕለት አባቴ ወደ ትሪኒዳድ ከሄደ አራተኛ ቀኑ ነበር። ሐሙስ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ወፍ የሚባል አልነበረም፤ ሰማዩ እንደ አሮጌ ድስት ቂጥ መዳብ መሰለ። ከሰዓት በኋላ ዜፍሪን ገመድ ተሸክመው መጡ። ዜፍሪን የእናቴ አጎት ናቸው፤ የመንደሩ ትልቁ የመርከብ አናጢ። ቤታችንን የሠሩት እሳቸው ናቸው።

«አልባርታ፣ በነፋሱ በኩል ያለውን መስኮት ዝጊ፣ በጀርባው በኩል ያለውን ክፈቺ። ቤቱ ካልተነፈሰ ይፈነዳል» አሏት እናቴን።

«እርስዎስ የት ሊሆኑ ነው?»

«እኔ ምን እሆናለሁ! ሞት እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል» አሉና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙውን በጆሮዬ ነው የማስታውሰው፤ እናቴ ከጠረጴዛው ሥር አጋድማኝ ላዬ ላይ ተኝታለች። ነፋሱ መጀመሪያ አለቀሰ፣ ከዚያ ጮኸ፣ ከዚያ ድምፅ መሆኑ ቀርቶ ክብደት ሆነ። ወለሉ ከድንጋዩ ላይ ብድግ ይልና ጓ ብሎ ይቀመጣል። ብድግ፣ ጓ። ቤቱ ፈርቶ ሊሸሽ፣ አለዚያም አባቴን ሊፈልግ ሊሄድ ያሰበ መሰለኝ። እጄን ወለሉ ላይ ዘርግቼ «አትሂድ፣ እባክህ አትሂድ፣ አባዬ ይጠፋበታል» ስለው ነበር። እናቴ ሰምታኛለች፤ አንገቴ ላይ እንባዋ ሲወርድ ተሰምቶኛል። እኔ ግን ጣራው የሚያፈስ ነው የመሰለኝ።

ድንገት ጸጥ አለ። ዜፍሪን ውሃ እየተንጠባጠቡ በሩን ከፈቱ።

«አለቀ?» አለች እናቴ።

«ገና ግማሹ ነው። አሁን ከወዲያ በኩል ይመጣል፤ መስኮቶቹን ቶሎ አለዋውጪ።»

መጣም። ያን ሁለተኛውን አላወራውም። ከፊተኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም አሁን ምን እንደሆነ ታውቀዋለህ።

በነጋታው ኮረብታው ቡናማ ነበር፤ አንድ ቅጠል አልቀረም፣ እሳት የበላው ይመስላል። ዓሣ መንገድ ላይ ተኝቷል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል በግ ጉረኖ ውስጥ። ከመንደራችን አርባ ቤቶች የቆሙት ዘጠኝ ናቸው፤ አንዱ የእኛ ነው። ዜፍሪን ማዕዘኑን ያሰሩት ለመርከብ ጎን በሚሆን ጎባጣ ዝግባ ስለነበር ጃኔት ነክሳ ነክሳ ተወችው። ሰው ሁሉ እየመጣ ያንን ቢጫ ግንባር በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል፣ እንደ ጎበዝ ፈረስ።

ከዚያ የመጣው ድካም ነው። ስለ አውሎ ነፋስ የሚያወራ ሰው ሁሉ ነፋሱን ያወራል። ነፋሱ የአንድ ሌሊት ነገር ነው፤ ሰውን የሚጨርሰው ከዚያ በኋላ ያለው ሰኞና ማክሰኞ ነው። የሞቱ ፍየሎች መቅበር። ፍራሽ ማስጣት፣ ሲዘንብ ማስገባት፣ እንደገና ማስጣት። ጉድጓዱ ጨው ገብቶበት ውሃ ከሩቅ መቅዳት። ሳሎናችን ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሰው ያድር ነበር። ትልልቆቹ ቁጭ ባሉበት፣ እየጎረሱ እንኳ ያንቀላፋሉ።

«አባዬስ?» አልኩ።

እናቴ ዜፍሪንን አየቻቸው። ዜፍሪን ጺማቸውን አከክ አከክ አደረጉ።

«አባትሽማ ትሪኒዳድ ነው። እንጨት እየጫነ ነው። ይሄ ሁሉ ቤት በምን ይሠራል ታዲያ?»

እኔም መንደሩን እየዞርኩ ለእያንዳንዱ ሰው አወራሁ። አይዟችሁ፣ አባዬ እንጨት እያመጣላችሁ ነው። ሰዎቹ ራሴን ይዳስሱኝና ዞር ይላሉ። ምስጋና ቢሶች አልኳቸው በሆዴ።

በስምንተኛው ቀን ከማዶው ደሴት አንድ የዓሣ ጀልባ መጣች። ሁለት ሰዎች በሸራ የተጠቀለለ ረዘም ያለ ነገር አውርደው ለዜፍሪን ሰጡ። እናቴ እጇን እየጠረገች ወጣች። የሸራውን ጫፍ አነሳች፣ አየች፣ መልሳ አለበሰችው። ከዚያ ገብታ ቅድም ያጠበችውን ድስት እንደገና ታጥብ ጀመር።

«ምንድን ነው?» አልኳቸው ዜፍሪንን።

«ሳንቃ ነው» አሉኝ።

አልዋሹኝም። ሳንቃ ነበር። ዜፍሪን ሲሞቱ፣ እኔ የሠላሳ ዓመት ሴት ሆኜ፣ ከመሥሪያ ቤታቸው ጥግ ያንኑ ሸራ ፈታሁት፤ በገዛ እጃቸው የቀረጹት የሉሲንዳ ስም ነበር፣ ከመርከቧ ቂጥ ተገንጥሎ። ሌላ ነገር አልተገኘም።

አሁን ስለ ሲስሊን ልናገር። ሲስሊን ከኮረብታው ባሻገር ሊምሌር የምትኖር ሴት ናት። እናቴ ከእሷ ጋር ሰላምታ የላትም። ገበያ ስናገኛት እናቴ እጄን ጨምድዳ መንገድ ትሻገራለች። አንዴ ለጎረቤታችን ለእትዬ ኦዲሊያ «የእኔን ወስዳ በእኔው ፊት ትንጎራደዳለች» ስትል ሰማኋት። በዚያው ዓመት ጥቁሯ ፍየላችን ጠፍታ ነበር። አንድና አንድ ደመርኩ፤ ሲስሊን ፍየላችንን ሰርቃለች። ከዚያ ወዲያ አንድ ቅዳሜ ገበያ መሀል ሳገኛት አፌን ከፍቼ «ምኤኤኤ!» አልኩባት። ሴትዮዋ ክው አለች። እናቴ ትገርፈኛለች ብዬ ስጠብቅ ከረሜላ ገዛችልኝ።

እትዬ ኦዲሊያ እንግዲህ ወሬ ይዘው መጡ። ሳንቃው ከመጣ ሦስት ቀን ሆኖታል። እናቴ ደጅ ገንፎ ታማስላለች፤ እኔ አጠገቧ ሚስማር አቀናለሁ።

«ሦስቱን ልጆቿን ይዛ ከተገለበጠ ጀልባ ሥር ነው ያለችው አሉ። ትንሹ ሌሊቱን ሙሉ ይስላል። እንግዲህ እግዜር የሥራዋን...»

«ኦዲሊያ።»

«እኔ ምን አልኩ? ሰው ነው ያለው።»

እናቴ ገንፎውን አማሰለች፣ አማሰለች። ከዚያ ማማሰያውን ሳታነሳ «የፊቱን ይውሰዱላት» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ሳሎኑን። ለእኔና ለልጄ የኋላው ይበቃናል።»

«እንዴ! አንቺ ሴትዮ ጤና የለሽም? ሰው ለጣውንቱ ቤት ይሰጣል?»

«ልጅቱ ትሰማለች» አለች እናቴ።

ጣውንት የምትለውን ቃል አላውቃትም ነበር፤ የፍየል ሌባ ማለት መሰለችኝ። ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ነው። መዶሻውን ጣልኩ።

«ሳሎኑንማ አይሆንም! አባዬ በምን አይቶ ይገባል?»

እናቴ ዘወር ብላ አየችኝ። ፊቷን አሁንም አየዋለሁ፤ ቆዳው ከአጥንቱ የላላ ይመስል ነበር።

«ውሃ ቅጂ» አለችኝ።

ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት፣ ሦስት ጊዜ ውሃ ቀዳሁ። በዚያ ሰሞን የጥያቄ ሁሉ መልስ ውሃ መቅዳት ነበር።

እኔ ውሃ ስቀዳ የተባባሉትን እትዬ ኦዲሊያ የነገሩኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እናቴን በቀበርን ሳምንት ነው። «ፈጽሞ እንዳታደርጊው ብዬ ለመንኳት» አሉኝ። «ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹የሚቀበር አላገኘንም ኦዲሊያ። እኔ ምን ይዤ ላልቅስ፣ እሷስ ምን ይዛ ታልቅስ? እሱ የተወው ነገር ቢኖር ይሄ ቤት ነው። እንካፈለው› አለችኝ። እኔም አፌን ያዝኩ።» እውነቱን ለመናገር እትዬ ኦዲሊያ አፋቸውን የያዙት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ደቦ ተጠራ። ሠላሳ ምናምን ወንድ መጣ፤ የራሳቸው ቤት መሬት ላይ የተኛ ሰዎች፣ ዓይናቸው የጎደጎደ፣ እጃቸው በጨርቅ የተጠቀለለ። ጃኔት እግሯን የሰበረቻት ፍየል ታረደች። ዜፍሪን በሳሎኑ አራት ማዕዘን ሩም የሚባለውን የሸንኮራ አረቄ ጠብ ጠብ እያደረጉ «እናንተ የቀደማችሁን፣ ቤቱ መንገድ ሊሄድ ነው፣ ዞር በሉለት» አሉ። ከዚያ በእንጨት መዶሻ ማያያዣዎቹን ያወልቁ ጀመር። ሁለቱ ክፍሎች ሲላቀቁ ቤቱ ቋ ብሎ ጮኸ። መኝታ ቤታችን አንድ ግድግዳ አጥቶ ለመንገድ ተከፈተ፤ አልጋችን፣ የእናቴ የሌሊት ቀሚስ፣ ሁሉም ለአላፊ አግዳሚ ታየ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ታማስላለች። አንዴም ዞራ አላየችም።

እኔ ግን እቅድ ነበረኝ። ሳሎኑ ውስጥ ከግድግዳው ጋር የተሠራ አግዳሚ ወንበር አለ። ሰዎቹ ሩማቸውን ሲጠጡ ገብቼ ከሥሩ ተጋደምኩ። ቤቱ ሲነሳ ዝም እላለሁ፤ መንገድ ላይ ሲደክማቸው ወጥቼ አስረዳቸዋለሁ፤ ተሸክመው ይመልሱታል። አባዬ ያመሰግነኛል። እቅዴ ይሄ ነበር።

አጣናውን ከሥር አስገቡ። «አንድ... ሁለት... ሆ!» ቤቱ ተነሳ።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ዳግመኛ አልገጠመኝም። ወለሉ ከሥሬ ይወዛወዛል፤ በሳንቃዎቹ መሀል ባለው ስንጥቅ የሰው ራስ፣ የሰው እግር፣ ጭቃ ይታየኛል። አንዱ መሪ ሆኖ ያዜማል፣ ሌላው ይቀበላል። የላብና የሩም ሽታ ከታች ይመጣል።

«ዜፍሪን፣ ቤት ነው የሠሩት መርከብ? እንዴት ነው የሚከብደው!»

«እናንተ የለመዳችሁት ብርጭቆ መሸከም ነዋ!»

«ኧረ ይቺ አልባርታ ገንፎውን ውስጡ ሳትረሳው አልቀረችም!»

እንደ አባቴ መርከብ ላይ የሆንኩ መሰለኝ፤ እቅዴን ረሳሁት። ትንሽ ሳይወስደኝ አይቀርም። ለዚያ ሁሉ ቀን እንቅልፍ አልነበረንምና ማን ይፈርድብኛል? ነቃ ስል ቤቱ ቁልቁል ይሄዳል፤ በስንጥቁ የማየው ባሕር የእኛ ባሕር አይደለም።

አስቀመጡት። ድንጋዮቹ ቀድመው ተደርድረው ነበር፤ የሲስሊን ልጆች ናቸው አሉ የደረደሯቸው። እዚያው ድንጋይ ላይ ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ዘንድሮ ቤሪል ወሰደችው። ዜፍሪን ወለሉ መስተካከሉን ሊያዩ በሩን ከፈቱና ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«ኧረ በእመቤቴ! ኤስሚ!»

«ሲከብደን የዋለው ለካ ይቺ ናት!» አለ አንዱ። ሠላሳው ሰው ሳቀ። ከዚያች ጃኔት ወዲህ ሰው ሲስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

እኔ አልሳቅሁም። የበሩ መቃን ላይ እጆቼን ዘርግቼ ቆምኩ። ፊት ለፊቴ ሲስሊን ሕፃን ታቅፋ ቆማለች፤ ቀሚሷ የሸራ ጨርቅ ነው። አጠገቧ አንዲት ትንሽ ልጅና እኔን የሚያህል፣ ምናልባት በአንድ ዓመት የሚበልጠኝ ልጅ አሉ። ጆሮው እንደ እኔ ጆሮ ወጣ ያለ ነው። ሊምሌርም ሰው እንዲህ ያለ ጆሮ አለው እንዴ አልኩ በሆዴ።

«መልሱት!» አልኩ። «ቤቱን መልሱት! አባዬ ከትሪኒዳድ ሲመጣ ይሄን አይቶ ነው የሚገባው! ከኮረብታው ጎድጎዳ በታች መሀል ላይ መሆን አለበት! እዚህ ካቆማችሁት ዓለቱ ላይ ይወጣል፣ ይሰጥማል፣ የእናንተም እንጨት ይሰጥማል!»

ሳቁ ጠፋ። አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ሌላውም፣ ሌላውም። ዜፍሪን መዶሻቸውን መሬት አስቀመጡ። ረስተውት ኖሮ አፈሩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ባርኔጣ ለምን እንደሚወልቅ የሰባት ዓመት ልጅ ታውቃለች፤ እኔ በዚያች ሰዓት ማወቅ አልፈለግሁም መሰለኝ።

«አባትሽ እኮ...» አለ ባለጆሮው ልጅ። ሲስሊን አፉን በመዳፏ ዘጋችው።

እናቴ መጣች። ስትፈልገኝ ቆይታ፣ ነገሩ ሲገባት ኮረብታውን በሩጫ ነው የወጣችው፤ አንድ እግሯ ባዶ ነው። መምጣቷን ያወቅኩት ሁሉም ትንፋሿን ሰምተው ሲዞሩ ነው። ከግቢው ድንጋይ ድርድር ውጪ ቆመች። አንድ እርምጃ ብትራመድ የሲስሊን ቦታ ላይ ነች።

«ኤስሚ፣ ውጪና ነይ።»

«አልወጣም። መጀመሪያ ቤቱ ይመለስ።»

«ነይ አልኩሽ!»

«አባዬ በምን አይቶ ይገባል? ንገሪኝ እስቲ! በምን?»

እናቴ ድንጋዩን ተሻገረች። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ቀጥ ብላ መጥታ ከደረጃው ሥር ቆመችና ቀና ብላ አየችኝ።   ሠላሳ ወንድ መሬት መሬት ያያል።

«አልባርታ፣ ንገሪያት» አለች ሲስሊን። እነዚህ ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው።

«አልችልም። አንቺ ንገሪያት» አለች እናቴ። ድምፅዋ ከጉሮሮዋ ሳይሆን ከጉልበቷ የመጣ ይመስል ነበር።

ሲስሊን ሕፃኑን ለትልቁ ልጅ ሰጥታ መጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እጄን ያዘችው። ምኤኤኤ ያልኳት ሴት ናት። እጇ ሻካራና ትኩስ ነበር።

«አባትሽ አይመጣም የኔ ልጅ» አለች። «መርከቧ በዚያች ሌሊት ሰጥማለች። ስሟ የተጻፈበት ሳንቃ ብቻ ነው የመጣው። ቤቱ የትም ቢቆም፣ እሱ ከእንግዲህ አይመጣም። አንቺ ስላልጠበቅሽው አይደለም። እሺ?»

እሺ አላልኩም። እናቴን አየሁ፤ ታለቅሳለች፣ በጨርቅም በእጅም ሳትሸፍነው። ሲስሊንን አየሁ፤ እሷም ታለቅሳለች። ይሄኛው አልገባኝምና ተናደድኩ።

«አንቺ ምን ያስለቅስሻል?» አልኳት። «የእኔ አባት እኮ ነው!»

 ከዚያ ባለጆሮው ልጅ፣ ፊትዝሮይ፣ ሕፃኑን እንዳቀፈ፣ እግሩን እያየ «የእኔም ነው» አለ።

ሊያጽናናኝ የፈለገ መሰለኝ። የራሱ አባት የሌለው ምስኪን ልጅ፣ የሰው አባት ተውሶ ሊያዝን የፈለገ። ገና አምስት ዓመት ቆይቼ ነው እውነቱን የሰማሁት፤ ስሰማም ተናድጄ ለሁለት ዓመት አላናገርኩትም። ያን ቀን ግን አንጀቴን በላው። አባቴ ትልቅ ሰው ነበር፣ ትከሻው ሰፊ፤ ለሁለት የሚበቃ ነበር። አሰብኩበትና ወሰንኩ።

«እሺ» አልኩት። «ግማሹን ውሰድ።»

ፊትዝሮይ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።  ደረጃው ጠባብ ነው፤ እናቴ ከሲስሊን አጠገብ ስትቀመጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣበቁ፣ አንዷም አልሸሸችም።

«ደከመኝ፣ ሲስሊን» አለች እናቴ።

«አውቃለሁ። ትንሽ ዐረፍ በይ።»

ሰዎቹ ባርኔጣቸውን አድርገው ጣራውን ሊያጠብቁ ወጡ።